የፊት ፍሬኑ ሙከራ

«ጋሼ፣ ከመቼ ወዲህ ነው ታናሽ ታላቁን የሚቀድመው? አላደርገውም!» አለ ቢተው።

«ቸርኬውን ያቃናኸው አንተ፣ የፊት ፍሬኑን ሸራ የቀየርከው አንተ! መጀመሪያ መንዳት የሚገባው ላንተ ነው» አለ ወንድሙ ጓንጉል።

ያረጀውን ሞተር ቁልቁለቱ አናት ላይ አቁመው መገባበዝ ከጀመሩ ቆይተዋል። የጓንጉል ሚስት ነጠላዋን አጣፍታ ትጠብቃለች። ፍሬኑ ከተሞከረ በኋላ ባሏ ቤተ ክርስቲያን ሊያደርሳት ነው። የእህቷን ልጅ ክርስትና የምታነሳው እሷ ናት፤ ከዘገየች ግን ቄሱ አይጠብቋትም፣ ሌላ ሴት ታነሳለች።

«ኧረ አንዳችሁ ውጡበት! ፍሬን በግብዣ ይያዛል እንዴ?» አለች።

«እኔማ መች ጠላሁ? እሱ ይቅደም ብዬ ነው እንጂ» አለ ባሏ፣ ቁልቁለቱን ሰረቅ አድርጎ እያየ።

«አፈር ስሆን ጋሼ!»

«ሞቼ ነው ቆሜ!»

እየተገባበዙ ሁለቱም ከሞተሩ ራቅ አሉ። እሷ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አደረገችና ሞተሩን በአንድ ምት አስነሳችው። ድሮ በአባቷ ግቢ፣ ባሏን ሞተር መንዳት ያስተማረችው እሷ ነበረች።

ወንድማማቾቹ የሞተሩ ድምፅ ቢያይልባቸው እየጮኹ መገባበዙን ቀጠሉ። እሷ ታች መታጠፊያው ጋ ስትደርስ የፊት ፍሬኑን ያዝ አደረገችና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ታጠፈች።