ታካሚዋን ማዕከል ያደረገ ስብሰባ

ፕሮፌሰሩ ስብሰባ ይወዳሉ። ሰው ሲያክሙ ጭፍግግ የሚለው ፊታቸው ከረጅሙ ጠረጴዛ ራስጌ ሲቀመጡ ወለል ብሎ ይበራል።

ጥናታቸውም የቆመው በስብሰባ ላይ ነበር። የማህፀን ዕጢ ያለባት ሴት በአንድ ሐኪም ከምትታከም ብዙ ባለሙያ ተሰብስቦ ቢመክርባት ቶሎ ትድናለች ወይ የሚል ነው ጥናቱ። በየሳምንቱ እሳቸው፣ የደም ሐኪሙ፣ የሥነ ምግብ ባለሙያዋና የሥነ ልቦና ባለሙያው ይቀመጣሉ። በሩ ላይ «ታካሚዋ ማዕከላችን ናት» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል።

ታካሚዎቹ የሚታወቁት ግን በቁጥር ብቻ ነው። ስም መስማትና ፊት ማየት ፍርድ ያዛባል ብለው ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ፕሮፌሰሩ ናቸው። ሴቶቹን የሚመረምሩትም የሚያነጋግሩትም ወጣቶቹ ሐኪሞች ሲሆኑ፣ ለጠረጴዛው የሚቀርበው የአልትራሳውንድ ፎቶና የደም ውጤት ነው። እስካሁን የዳነች ሴት የለችም፤ ተመክሮ ያለቀላትም የለችም።

እንዲህ በሰላም ሲመክሩ ክፉ ወሬ መጣ። የጥናቱ ለጋሾች ገምጋሚ ሊልኩ ነው። ገምጋሚው ማንነቱን ሳይናገር ስብሰባው ላይ ቁጭ ብሎ ይታዘባል፤ ካልጣመው ጥናቱ ይዘጋል። ፕሮፌሰሩ እንቅልፍ አጡ። ጥናቱ ከተዘጋ ጡረታ ደጃፍ ላይ ቆማለች፤ ጡረታ ከወጡ ደግሞ የሚሰበስቡት ሰው የለም። ባለቤታቸው እንደሆኑ በጠሯቸው ቁጥር የሚመጡ ሴት አይደሉም።

በቀጣዩ ስብሰባ በሩ ቀስ ብሎ ተከፈተና ጠቆር ያለ ቀሚስ የለበሰች፣ ቦርሳዋን ሆዷ ላይ ያቀፈች ሴት ብቅ አለች። ይቅርታ ጠይቃ ስለ ራሷ ልትናገር ስትጀምር ፕሮፌሰሩ ቃሏን ከአፏ ነጠቁ።

«ይግቡ፣ ይግቡ። ማንነትዎን መናገር አይጠበቅብዎትም። ስንጠብቅዎት ነበር።»

«እኔም ስጠብቅ ነው የከረምኩት» አለች።

ነገሩ ሸንቆጥ እንደሚያደርግ ሁሉም ገባቸው። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ሻይ ቀዳችላት፣ የደም ሐኪሙ ደህናውን ወንበር ለቀቀላት። ሴትዮዋ ለበሩ የሚቀርበውን መርጣ በጥንቃቄ ተቀመጠች። ፊቷ ገርጥቷል። ሪፖርት ሲያነብ የሚውል ሰው ፀሐይ የት ያገኘዋል ብለው ፕሮፌሰሩ በሆዳቸው አዘኑላት።

«ያለ እርስዎ ይህ ጥናት የትም አይደርስም» አሏት።

«እሱማ እውነት ነው» አለች።

የዕለቱ ጉዳይ ታካሚ ቁጥር አሥራ አንድ ነበረች። የደም ሐኪሙ ደሟ በጣም ስላነሰ ደም ሳይተካላት ቢላዋ አይነካትም፣ ደም ደግሞ አልተገኘም አለ። የሥነ ምግብ ባለሙያዋ መጀመሪያ አመጋገቧ ይስተካከል አለች። የሥነ ልቦና ባለሙያው ታካሚዋ ከዕጢዋ ጋር ያላትን ግንኙነት ሳናጠና ብንቸኩል በኋላ ይቆጨናል ሲል አሳሰበ። ሴትዮዋ በመሃል ሁለት ጊዜ ተነሥታ ወጣች፤ ለአለቆቿ ልትደውል ነው ተባብለው በተመለሰች ቁጥር የበለጠ ተጠንቅቀው ተናገሩ።

በመጨረሻ እጇን አወጣች። ይህ ሁሉ እስኪሆን ታካሚዋ ደም እየፈሰሳት አይደለም ወይ ብላ ጠየቀች።

ሁሉም ግሩም ጥያቄ መሆኑን ተስማምተው ለሚቀጥለው ሳምንት አሳደሩት።

በሚቀጥለው ሳምንትም መጣች፤ የበለጠ ገርጥታ። ገና የሥነ ልቦና ባለሙያው አፉን ሲከፍት፣ ዝግጁ ናት ወይ ብላችሁ ራሷን ጠይቃችኋታል ስትል አቋረጠችው። ጥያቄዎቹን እያረቀቀ መሆኑን ነገራት።

«ዝግጁ ናት። ኦፕራሲዮኑ መቼ ነው?»

ፕሮፌሰሩን ላብ አጠመቃቸው። ይህ የሴትዮዋ ሳይሆን የለጋሾቹ ድምፅ ነው። «በእርስዎ አስተያየት መቼ ቢሆን ይመረጣል?»

«ማክሰኞ» አለች።

ለምን ማክሰኞ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ማክሰኞ ለቀዶ ሕክምና ሁነኛ ቀን መሆኑን በአንድ ድምፅ አጸደቁ። ጥናቱ ከተጀመረ የመጀመሪያው ውሳኔ ይህ ነበር። ለወራት የጠፋው ደምም በማግስቱ ተገኘ።

ሲወጡ ፕሮፌሰሩ ኮሪደሩ ላይ ተከትለዋት ሄዱ። ቢላዋውን እሳቸው ራሳቸው እንደሚይዙ ገልጸው፣ ማክሰኞ ኦፕራሲዮን ክፍል ብትገኝላቸው ደስ እንደሚላቸው ነገሯት።

«እኔ? በምንም አልቀርም» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ፕሮፌሰሩ ለጋሽ ሲያለቅስ አይተው አያውቁም ነበር። ጥናቱ ዳነ ብለው አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ።

ማክሰኞ ጠዋት ጢማቸውን ተላጭተው መጡ። ግድግዳው ሥር ለእንግዳ የሚሆን መቀመጫ አስቀድመው አስቀምጠዋል። እጃቸውን ታጥበው፣ ጓንታቸውን አጥልቀው፣ ደረታቸውን ነፍተው ሲገቡ ግን መቀመጫው ባዶ ነው። ክው አሉ። በር በሩን አዩ። ነርሷን እንግዳ አልመጣም ወይ ብለው ጠየቁ፤ አልመጣም አለቻቸው።

ይህን ሁሉ ደክመው፣ ደም አፈላልገው፣ ማክሰኞን አጽድቀው፣ የሚያይላቸው ሰው ከሌለ ምን ዋጋ አለው? ታካሚዋ እንደሆነች ጠብቃ ታውቃለች፤ አንድ ሳምንት ብትጨምር ምን ትሆናለች? ፕሮፌሰሩ ጓንታቸውን ማውለቅ ጀመሩ።

«እንግዳችን ስለቀሩ ለሚቀጥለው ማክሰኞ እናስተላልፈው» አሉ።

«ኧረ መጥቻለሁ፣ ፕሮፌሰር፤ አልቀርም ብዬዎት አልነበር?» አለች፣ ጠረጴዛው ላይ የተኛችው ቁጥር አሥራ አንድ።