በትከሻው የተገኘ ሰው

«ያለፈውን ኮቴን አስመስለሽ ስፊልኝ፤ ሌላ ምንም አልልሽም» ይላል ሰውዬው፣ ጃኬቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ እየጣለ። «አንቺ እያለሽልኝ እኔ ምን ቸገረኝ!»

ልብስ ሰፊዋ ፈገግ ትላለች። ፊቱን ታያለች፣ ሸበቶ ጢሙን ታያለች፣ ሲስቅ ብልጭ የምትለውን የብር ጥርሱን ታያለች። ስሙ ግን የለም። ያለፈው ኮትም ትዝ አይላትም። ያ ክፉ ትኩሳት ጥሏት ከተነሳች ወዲህ ስም ከእሷ ጋር ድብብቆሽ ይጫወታል።

ልጇ ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጣ፣ ትከሻዋን ሽቅብ ሰቅላ ትመለከታታለች። ጠዋት ሱቁን ሲከፍቱ ተስማምተዋል። ባለፈው ሳምንት እናትየው የአንዱን ሱሪ ለሌላው ሰጥታ፣ አጭሩ ሰው መሬት እየጠረገ፣ ረጅሙ ቁርጭምጭሚቱን ብርድ እያስመታ ተመልሰው መጥተው ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ስቋል። ልጅቷ ግን አልሳቀችም።

«እማ፣ ዛሬ የመጀመሪያውን ደንበኛ ብቻሽን አስተናግጂ። ካልሆነልሽ መቀሱን ለእኔ ትለቂያለሽ፤ አንቺ ቁልፍ ትተክያለሽ» አለቻት።

«እሺ» አለች እናትየው። እሺ ማለት አፍ አያደክምም።

«ምነው ዝም አልሽ እህት ዓለም? ረሳሽኝ እንዴ?» ይላል ሰውዬው።

«አንተን? አንተ ደግሞ የምትረሳ ነህ!» ትላለች፤ ግንባሯ ላይ ላብ ችፍ ይላል።

ስልኳ ጠረጴዛው ላይ፣ ከመርፌ ትራሱ አጠገብ ነው። ተኝታ በከረመችበት ጊዜ ልጇ የደንበኛውን ሁሉ ልክና ያሰፋውን ልብስ ማስታወሻ ውስጥ አስገብታላታለች፤ በስም፣ ከሀ እስከ ፐ አሰልፋ። ደግ ሥራ ነው። ግን ስም ለጠፋበት ሰው በስም የተደረደረ ነገር፣ ቁልፉ ውስጡ እንደቀረ ሳጥን ነው። ይህን ለልጇ አልነገረቻትም። የልፋቷን ዋጋ ማሳጣት መሰላት።

ልጅቷ አፏን ትከፍታለች። ስሙን ልትነግራት ነው። እናትየው ጣቷን ወደ ላይ ታነሳለች፦ ቆይ።

«ዞር በል እስቲ» ትለዋለች ሰውዬውን።

ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ሁለት መዳፎቿን ትከሻው ላይ ታሳርፋለች። ቀኙ ቀጥ ያለ ነው። ግራው ዝቅ ይላል፣ ውኃ ተሸክሞ እንደደከመ ሰው። እጇ እዚያ ሲደርስ ቤቱ እንደገባ መንገደኛ ይረጋጋል። ይህን ትከሻ ታውቀዋለች! የማን እንደሆነ አታውቅም እንጂ ታውቀዋለች።

ስልኩን ታነሳለች። በአንድ ጣቷ፣ ፊደል በፊደል እየለቀመች መፈለጊያው ላይ ትጽፋለች፦ ግራው የወደቀ።

ልጅቷ ከወንበሯ ትነሳለች። እንዲህ ያለ ቃል እሷ አላስገባችም።

እናትየው ናት ያስገባችው። የምትለካው ሁልጊዜ ሁለቱንም እጅጌ ለየብቻ ነው፤ ሌሎች ሰፊዎች «ሰው ሁለት ዓይነት እጅ አለው እንዴ?» እያሉ ሲቀልዱባት ኖረዋል። ከአልጋ ተነስታ ቁጥሮቹን ስታነብ፣ ፊት አልመጣላትም፤ ሰውነት ግን መጣ። አንዱ ደረቱን ነፍቶ ቆመ፣ አንዷ ጎበጥ አለች፣ አንዱ ሆዱን ወደ ውስጥ ሳበ። እሷም ማስታወሻው ላይ ከየስሙ ፊት ያየችውን ጨመረች፣ ቀን በቀን፣ ልጇ ገበያ ስትወጣ።

ስልኩ ላይ ሦስት ሰዎች ይመጣሉ። አንደኛዋ ሴት ናት። ሁለተኛው አንገተ ረጅም። ሦስተኛውን ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ታነባለች፦

«ግራው የወደቀ፣ አንገተ አጭር፣ መሪ ይዞ የኖረ። ግራው ላይ ስፖንጅ ይደረብ። ለእሱ አይነገርም፣ ይከፋዋል። ሾፌሩ፣ ጥሩምባ የሚሉት። ቡናማ ኮት፣ ለሴት ልጁ ምርቃት።»

ስልኩን ቀስ ብላ ታስቀምጣለች።

«ጥሩምባ» ትላለች። «ያ ቡናማው ለልጅህ ምርቃት ነበር። የአሁኑ ለምኗ ነው?»

ሰውዬው ሳቁን ሲለቀው መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ለካ ቅጽል ስሙ ያለ ነገር አልወጣለትም።

«ለሠርጓ ነዋ! እኔ እኮ ረስታኛለች ብዬ ቅር ብሎኝ ነበር!» ይላል። «መንገድ ላይ አንዱ ሰፊ ዘንድ ኮት አሰፍቼ፣ ታምኛለሽ፣ ወደ አንድ ጎን ይንሸራተታል። ሥራ የማይችል ሰው!»

«ሁሉም እንደ አቅሙ ነው» ትላለች እናትየው። ልጇ ሳቋን በጨርቅ ትሸፍናለች።

ልኩ ተወስዶ፣ ጨርቁ ተመርጦ፣ ሾፌሩ እየሳቀ ከወጣ በኋላ ልጅቷ ስልኩን ይዛ ታነባለች።

«እማ፣ ይሄ "እንደ አውራ ዶሮ የሚቆም" ማነው?»

«ገብቶ ይቁምልኝና እነግርሻለሁ።»

ልጅቷ ትስቃለች። ከዚያ መቀሱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እናቷ ትገፋዋለች።

«ነይ፣ ዞር በይ» ትላታለች እናቷ።

«እኔ? እኔንም ልትረሺኝ ነው?»

«ዞር በይ አልኩሽ።»

መዳፎቿን ታሳርፍባታለች፤ ብዙ ትቆያለች። ከዚያ አንድ እጇን አንስታ ጠረጴዛው ላይ ባለው ስልክ በዚያችው በአንድ ጣቷ ትጽፋለች። ልጅቷ አንገቷን ጠምዝዛ ታነባለች፦ «ሁለቱም እኩል። ስትሰጋ ወደ ጆሮዋ ይወጣሉ። የእኔ።»

እጇ ይመለሳል። ከጠዋት ጀምሮ ሽቅብ ተሰቅለው የዋሉት የልጅቷ ትከሻዎች፣ በእናቷ መዳፍ ሥር ቀስ እያሉ ይወርዳሉ።