አንድ ላይ ይመደቡ

«እዚች ጋ ራይት ከተደረገ አብረው ነው የሚመደቡት፤» አለ መምህር ተስፋሁን፣ ስክሪኑን በእስክሪብቶው ጫፍ እየነካ። «ግን እናት፣ ልብ ይበሉ። መንታ ብለን ከሞላን ሁለቱም የሚመደቡት በአነስተኛው ውጤት ነው።»

አስቻለች ልብ ብላለች። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ሌላ ነገር አስባ አታውቅም።

አነስተኛው ማለት የየአብሥራ ነው። ከስድስት መቶ ሦስት መቶ አራት፤ ለጥቂት ተረፈ። ከእሱ አሥር ደቂቃ ቀድማ የተወለደችው ሩቲ አምስት መቶ ሃያ ሁለት አምጥታለች። ውጤቱ የተሰማ ዕለት የጂንካ ገበያ ኮረሪማ ሻጮች «ዶክተር ወለድሽ!» እያሉ አስቻለችን አገላብጠው ስመዋታል፤ እሷም አላስተባበለችም። ሩቲ አንደኛ ምርጫዋ ላይ ጅማ ዩኒቨርሲቲን ሞልታለች። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ወሬዋ ጅማ ነው። ረግጣው የማታውቀው ግቢ የትኛው በር በየት በኩል እንደሆነ ሳይቀር ታወራለች።

ስክሪኑ ላይ «መንታ» የምትለዋ ሳጥን የምስር ፍሬ ታህላለች። ባዶ ናት።

የአብሥራ ይወድቃል። የሚጥል በሽታው ከጀመረው ከአራተኛ ክፍል ወዲህ፣ በወደቀ ቁጥር አጠገቡ የምትገኘው ሩቲ ናት። በጎኑ ታስተኛዋለች፣ ቀበቶውን ታላላለች፣ ክብሪት ጭረው አፍንጫው ሥር የሚያስጠጉትን ታባርራለች። ሲነቃ የሚቀይረው ሱሪ ከደብተሮቿ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ አለ። ይህን ሁሉ አድርጊ ያላት ሰው የለም። ወይስ አለ? አስቻለች «ወንድምሽን እይ» ሳትላት የሸኘቻት ጠዋት ስንት ነው? አንድም አልታወሳት አለ።

አባታቸው ኤርሳዶ ለሥራ ወይጦ ወርዷል። ደውላ ብታማክረው «እንግዲህ አንቺ እንዳየሽ» አላትና ስልኩ ተቋረጠ። ያቋረጠው ኔትወርኩ ይሁን ሰውየው፣ እግዜር ይወቅ።

«እኔ እኮ መድኃኒቴን ካላቋረጥኩ ምንም አልሆንም፤» አለ የአብሥራ። «ብቻዬን እችላለሁ።»

ባለፈው ቅዳሜ የመዘምራን ልምምድ ላይ ወድቆ የተሰነጠቀ ከንፈሩ ገና አልዳነም።

መምህሩ ወደ ልጅቷ ዞረ። «አንቺስ ሩቲ? ምን ትያለሽ?»

«እማ እንዳለች።»

እማ እንዳለች! አስቻለች በንዴት ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ቀበረችው። ይቺ ልጅ ምናለ አንዴ እንኳ «አልፈልግም» ብትል! ብትቆጣ፣ ብታለቅስ፣ «እኔስ?» ብትል እሷም ትቆጣ ነበር፤ ተጨቃጭቀው ተኳርፈው አንዱ ነገር ይወጣ ነበር። እሺ ከምትል ልጅ ጋር ግን በምን ይጣላሉ?

ከኋላቸው ወረፋ የያዙ ወላጆች መቁነጥነጥ ጀምረዋል። የመጨረሻው ቀን ስለሆነ ኮምፒውተር ክፍሉ እስከ በረንዳው ሞልቷል፤ ቆርቆሮው ሙቀቱን ወደ ታች ይለቀዋል።

«እንግዲያው መንታ ስለመሆናቸው የቀበሌውን ደብዳቤ ይስጡኝና ስካን ላድርገው፤» አለ መምህር ተስፋሁን። «አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ከዛሬ ወዲያ ማስተካከል የለም።»

አስቻለች ጭኗ ላይ ያለውን ቦርሳ በሁለት እጇ ያዘች። ለዚያ ደብዳቤ ሦስት ቀን ተመላልሳለች፤ ማኅተም የሚመታው ሰውዬ አንድ ቀን ስብሰባ፣ አንድ ቀን ለቅሶ ነበር።

«ውይ!» አለች። «ቤት ረሳሁት!»

ከየት እንደመጣላት አታውቅም። ብቻ አለችው። ውሸት ስትናገር ፊቷ ላይ እንደሚያስታውቅባት ሁለቱም ልጆቿ ያውቃሉ።

ሩቲ ቀስ ብላ ዞረች። ጠዋት ደብዳቤውን በላስቲክ ጠቅልላ ቦርሳው ውስጥ ያስገባችው ራሷ ናት፤ ያስገባችውም አስቻለች ዓይን ሥር ነው።

«እማ፣» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እርግጠኛ ነሽ? ቤት ነው የቀረው?»

አዎ ማለት ነው የሚጠበቅባት። ሩቲ ከዚያ በላይ አልጠየቀቻትም። አስቻለች አዎ ካለች ማንም ቦርሳ አይከፍትም፤ ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ ጊዜው ያልፋል፤ ልጅቷም ጅማ ትገባለች።

አስቻለች ወንድ ልጇን አየችው። አንገቱን ደፍቶ የተሰነጠቀ ከንፈሩን በአውራ ጣቱ ይነካካል። የማታውቀው አገር፣ የማታውቀው ዶርም ወለል ላይ ተዘርሮ፣ የማያውቁት ልጆች ዙሪያውን ከበው ክብሪት ሲጭሩ ታያት። አፏ ተከፈተ። «አዎ» የምትለዋን ግን መልሳ ዋጠቻት።

ሩቲ ጠበቀቻት። እንዲያው ለይስሙላ ሳይሆን፣ ዓይኗን ከእናቷ አፍ ላይ ሳትነቅል ደህና አድርጋ ጠበቀቻት። ከዚያ እጇን ዘረጋችና ቦርሳውን ከፈተች።

«ይኸው አለ፣ ቲቸር። ከሥር ገብቶ ነው።»

መምህር ተስፋሁን ደብዳቤውን ተቀብሎ ስካን አደረገ። ማውሱን ወደ ሩቲ ገፋላት። ሩቲም ሳጥኗ ላይ ራይት አደረገች፤ «ላክ» የሚለውንም ተጫነች። ማሽኑ ትንሽ አሰበና አረንጓዴ ጽሑፍ አወጣ።

«ተመዝግቧል፤» አለ መምህሩ።

አስቻለች እፎይ አለች። ሳታስበው፣ ከሆዷ፣ ድምፅ አውጥታ ነው ያለችው። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ጫፍ አፈነች፤ ግን ወጥቷል። በሕይወቷ እንዲህ አፍራ አታውቅም።

ሩቲ ሰምታለች፤ አንገቷ ድርቅ ሲል ያስታውቅ ነበር። ዞራ ግን አላየቻትም። ተነስታ ወንበሩን ለቀጣዩ ተማሪ ለቀቀችና የወንድሟን ቦርሳ አንስታ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለችው።