ካርዱ በዓሣው ሆድ

ኮሮና ሰውን ሁሉ ቤቱ ባስቀመጠ ጊዜ፣ አረብ አገር፣ አል ዋርቃ በሚባል ሰፈር የምትኖር አንዲት ማዳም ከበሽታው ይልቅ የካርድ ሌቦችን ፈራች። ሌቦቹ የባንክ ካርድን በአየር ላይ ያነቡታል ሲባል ሰምታለች። ስለዚህ ካርዷን በፎይል ጠቅልላ ትልቅ ዓሣ ሆድ ውስጥ ከተተችው። ዓሣውን ፍሪዘር ውስጥ አስገብታ ቆለፈችበት።

ስልኳን ደግሞ ቫይረስ አለበት ብላ ለሠራተኛዋ ለመሕቡባ ሰጠቻት።

«የሚደውሉት ዕቃ አምጪዎች ናቸው። ምንም ቢጠይቁሽ አዎ ብለሽ ዝጊው። ወሬ አልፈልግም» አለቻት።

ብዙም ሳይቆይ የባንክ ሒሳብ መግለጫዋ የማታውቀው ዕቃ በካርዱ እንደተገዛ ያሳያት ጀመር። መጀመሪያ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ፣ ቀጥሎ ትልቅ ከበሮ።

ማዳም ፍሪዘሩን ከፈተች። ዓሣው እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ ካርዱም ሆዱ ውስጥ አለ።

«ሌባው ዓሣውን ነክቶታል» አለች። «እጁ ይሸታል።»

እሷ ግን ኮሮና ይዟት ማሽተት አቅቷታል። ድመቷን ጠራች።

መሕቡባና ሾፌሩ ኢስሃቅ ማስክ እንዳደረጉ እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ሁለቱም የወሎ ልጆች ናቸው። ኢስሃቅ ለእናቱ መድኃኒት የሚልከው በዚህ ሹግል በሚያገኘው ደመወዝ ነው።

«ወንድሜ፣ እጅህን ታጥበሃል?» አለችው መሕቡባ በሹክሹክታ።

«ቆዳዬ እስኪላጥ! ግን ቁርሴን ሰርዲን በልቻለሁ።»

«ሰርዲን? ዛሬን?»

«ድመት ዳኛ እንደምትሆን በምን ልወቅ?»

ድመቷ መሕቡባን አልፋ የኢስሃቅን ጣት ላሰች።

«ኸላስ!» አለች ማዳም። «ቪዛህን አሰርዛለሁ።»

«ዋላሂ ማዳም፣ የፍሪዘሩ ቁልፍ እኮ አንቺው አንገት ላይ ነው!»

«ለዚህ ነዋ ጎበዝ ሌባ ነህ የምልህ።»

መሕቡባ ማዳም እግር ላይ ወደቀች። «ማዳም፣ አታባርሪው። ሌባውን እኔ እይዝልሻለሁ።»

ማዳም እስከ ማታ ጊዜ ሰጠቻት።

መሕቡባ መጥበሻ ይዛ ፍሪዘሩ ፊት ተቀመጠች። ኢስሃቅ ሻንጣውን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል።

«አይዞህ፣ ዛሬ ማንም አያልፈኝም» አለችው።

የማዳም ስልክ ኪሷ ውስጥ ጮኸ። ዓይኗን ከፍሪዘሩ ሳትነቅል አነሳችው።

«ከባንክ ነው» አለች አንዲት ሴት። «እንደ ወትሮው ለማረጋገጥ ያህል ነው። ስድስት የግመል ኮርቻ የገዙት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ» አለች መሕቡባ።