የትህትና ክረምቶች

የነሐሴው ውጤት ጠዋት በማቀዝቀዣው በር ስክሪን ላይ ወጣ። ሰው ለሰው ያለው ፍቅር የበዓሉና የዝናቡ ተጽዕኖ እየተቀነሰ በየወሩ መለካት ከጀመረ አስራ ስድስት ዓመት ሆኖታል።

ባሌ ሚልክያስ ለኔ ያለው ፍቅር ሰባ አንድ፣ የስህተቱ ወሰን ሲደመር ሲቀነስ አስራ ዘጠኝ። ከሥሩ ደግሞ ለፈታት ሚስቱ ለትህትና፦ ስልሳ አራት፣ ሲደመር ሲቀነስ ሁለት።

«በልጠሻታል እኮ» አለኝ ጥርሱን እየቦረሸ።

«የኔ ሃምሳ ሁለትም ሊሆን ይችላል። የሷ ከስልሳ ሁለት አይወርድም። በዓሉ ተቀንሶ፣ ዝናቡ ተቀንሶ፣ እሷ ግን አልተቀነሰችም።»

«ማህዬ፣ ከሷ ጋር አስራ አንድ ክረምት ኖሬአለሁ፤ ካንቺ ጋር ሁለት። መለኪያው በዝናብ ወራት እንዴት እንደምቀዘቅዝ የተማረው ያኔ ነው።»

«እንግዲያው ስሟን አጥፋው።»

«ካጠፋሁት ያንቺም ይበላሻል። መለኪያው ያንቺን የሚያስተካክለው በሷ ዓመታት ነው።»

ለካ ሁለት ዓመት ሙሉ የተለካሁት በሷ ክረምት ነው። ስሟን ነካሁና ሰረዝኩት። ቁጥሬ ወዲያው ተቀየረ፦ ሃምሳ ስምንት፣ ሲደመር ሲቀነስ አርባ።

«ይኸው! አሁን ምን አወቅሽ?» አለ፣ አረፋው በአገጩ ላይ እየወረደ።

«ምንም» አልኩት። «ግን ይሄኛው የራሴ ነው።»