የመንገዱ ጫፍ አጽም

አስካለ ከባሏና ከልጇ ጋር ካናዳ ውስጥ ባለች ትንሽ ከተማ ስትኖር አራት ዓመት ሆኗታል። እስካሁን ከቤታቸው ውጪ አማርኛ የሚናገር አንድም ሰው አላጋጠማትም።

የአገሩ ሰው አስቂኝና አስፈሪ ልብስ ለብሶ በየደጁ በሚዞርበት በሃሎዊን ዕለት አመሻሽ ላይ ሦስቱም ተለባብሰው ከረሜላ ልመና ወጡ። ትንሿ ፌቨን ንብ፣ አስካለ በመጋረጃ ጨርቅ ንግሥት፣ ባሏ መርዕድ ደግሞ በቡኒ ብርድ ልብስ ጅብ ሆነዋል። መርዕድ በየደጁ «አውውው!» ሲል አስካለ በሳቅ ትፈርሳለች።

«አባዬ፣ ጅብ ከረሜላ አይበላም እኮ!»

«የካናዳ ጅብ ይበላል!»

የመንገዱ ጫፍ ላይ ሰሞኑን አዲስ ሰው የገባበት ቤት አለ። ደወሉን ሲጫኑ የአጽም ልብስና ጭንብል የለበሰ ሰው ከቁጥቋጦው ጀርባ እየጮኸ ዘሎ ወጣባቸው። ጅቡ ብርድ ልብሱን ጥሎ ፈረጠጠ። አስካለ ልጇን ጭምቅ አድርጋ አቅፋ፣

«በስመ አብ!» አለች።

አጽሙ ባለበት ደርቆ ቀረ።

«ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ!» አለ በሴት ድምፅ። ከዚያ ጭንብሏን አውልቃ፣ እንባዋ እየወረደ የአስካለን እጅ ለቀም አደረገች።

«እህቴ፣ በሞቴ ግቡ!»