ስሱ ግድግዳ

ልብስ ሰፊዋ ተከራይዋን የጠረጠረችው የመንግሥት ሠራተኛ መሆኑን ያወቀች ዕለት ነው። የእሷንና የእሱን ክፍል የለየው ጣውላ፣ እሱ ሲያስነጥስ ከወዲህ «ይማርህ» የሚያስብል ስስ ነበር።

አንዲት ልጇ የከተማውን ውሃ የምትመረምር ባለሙያ ናት። ማታ ማታ ደግሞ «ወንፊት» በሚል ስም ኢንተርኔት ላይ ትጽፋለች። ይህን ለእናቷ እንኳ አልነገረቻትም። እናት ያወቀችው የሟች ባሏን ሽሙጥ በየመስመሩ ስታገኘው ነው። ልጅቱ ጽፋ ትዘጋለች፤ ከሥሩ ሰው ምን እንዳላት ዞር ብላ አታይም። የባዳ ስድብ ምን ሊረባት!

አንድ ባለሥልጣን ውሃው ንጹሕ ነው ብሎ በቴሌቪዥን ማለ። ወንፊት «እንግዲያው አንድ ብርጭቆ ይጠጡልን» አለችው። አገር ሳቀ። በሳምንቱ ወንፊት ተፈልጋ ትያዝ ተባለ።

እናት ይህን እንደሰማች በሯን ቀረቀረች። ባሏንም የበላችው ምላሱ ናት። ግን እንዴት ድምፅ አውጥታ ትምከራት? ግድግዳ ጆሮ አለው፤ የእሷማ ግድግዳ ደመወዝም ይከፈለዋል። መነጽሯን አድርጋ፣ በአንድ ጣቷ ፊደል እየለቀመች ስልኳ ላይ ጻፈችላት። መልስ አልመጣም። ልጅቱ ራት ላይም ምንም እንዳላየ ሰው ወጡን እያመሰገነች በላች።

«እትዬ፣ ልጅዎ ገባች?» አለ ተከራዩ በማግስቱ።

«ምን አገባህ?»

«ኧረ ሰላም ልበላት ብዬ ነው።» ጆሮው ቀላ።

«ሰላምታህን ለአለቆችህ ያዝላቸው!»

በሦስተኛው ቀን ቤቱን ለዘመድ ፈልጌዋለሁ ብላ አስወጣችው። ፍራሹን እንደተሸከመ በሩ ላይ ቆመ።

«ምን አጠፋሁ፣ እትዬ?»

«ሥራህ ያውጣህ።»

ሐሙስ ረፋድ ላይ ፖሊሶች ልጅቱን ከነነጭ ጋዋኗ ከመሥሪያ ቤት ወሰዷት።

እናት ቅያሪ ልብስ ቋጥራ ጣቢያ ሄደች። መርማሪው ትሑት ሰው ነበር፤ ወንበር ሳበላት።

«ያ ተከራይ ነው አይደል የጠቆማችሁ?» አለችው። «እኔ እንደሆንኩ ለነፍስ አባቴም አልተነፈስኩ።»

«የምን ተከራይ፣ እናቴ?»

መርማሪው ግራ ተጋብቶ አያት፤ ከዚያ የኮምፒዩተሩን ፊት ወደ እሷ አዞረው። ከወንፊት ጽሑፍ ሥር፣ አርባ ሺህ ሰው ካየው ገጽ ላይ፣ የራሷ ፎቶግራፍ ከነሙሉ ስሟ ተቀምጧል፦

«ልጄ፣ የምጽፍልሽ ተከራዩ እንዳይሰማን ነው። ይህን ነገር አጥፊው። አደራ፣ ለማንም አታሳዪ።»